ሳይታሰሩ ዋስ

የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ የምንላቸው፣ ማንም ሳይከሳቸው፣ ፖሊስም በራቸውን ሳያንኳኳ ዋስ መፈለግ የጀመሩት ልጄን ለመጠየቅ የተላኩት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው በሄዱ ማግስት ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እኔም በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ግን መኪና እየነዳሁ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ፤ ንዴቴም እስካሁን በቅጡ አልበረደም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ከዳላስ ኤርፖርት አጠገብ ያለች ዩለስ የምትባል ከተማ ነው። አውሮፕላን ጣሪያችን ላይ ስለሚያልፍ ሰው ወሬውን ገታ ያደርግና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። አዲስ እንግዳ ብቻ ነው በአውሮፕላኑ ላይ ለመጮህ የሚሞክረው። ጋሼ ግን ስንት ዓመት ኖረውበት፣ ያውም ራሳቸው ኤርፖርቱ ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ እየነዱ፣ ዛሬም ከአውሮፕላን ጋር ይፎካከራሉ።

የዚያን እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የአባትነቱን ወንበር የያዙት እሳቸው ናቸው። ከእኛ ወገን ባለቤታቸው፣ የእድራችን ሰብሳቢና አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ተቀምጠዋል። እኔ እገባለሁ እወጣለሁ። ልጄ ወጥ ቤት ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። ነርስ ናት፤ ሊያገባት የጠየቃትን ልጅ ያገኘችው ኮሌጅ እያለች ነው፤ ለእሷ ይህ ሁሉ ሥርዓት የአሮጊቶችና የሽማግሌዎች ጨዋታ ነበር።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

የመለሱላቸው የልጁ አጎት ናቸው፤ የእናቱ ወንድም። ግራጫ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። አባቱ ወታደር እንደነበረና እንደሞተ፣ እናቱ ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር እንደምትኖርና የደከሙ አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄደች እንደምትንከባከብ ነገሩን። ከዚያ፣ «አያቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔንም እህቴንም ድስትና ገንቦ ሸጣ ነው ያሳደገችን» አሉ። ሌላው ሰው እናቴ አስተማሪ ነበረች በሚልበት ድምፅ ነው ያሉት።

የጋሼ ፊት ጠቆረ። ግን ሥርዓት ነውና፣ እንመካከርበትና በቀጠሮ እንገናኝ ተባብለው ሽማግሌዎቹን በሩ ድረስ ሸኙ።

የአገራችንን ነገር ለማያውቅ ልናገር። በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ድስቱን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፣ ማረሻውን ገዝተው ያርሱበታል፣ ልጁን ግን አያገቡም፤ ቤቱም ገብተው አይበሉም። ጋሼ ራሳቸው ሽሮ የሚበሉት በሸክላ ድስት ከተሠራ ብቻ ነው። ድስቱን የሠራው ሰው እጅ እንዳለው አስበውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

በሩ እንደተዘጋ አውሮፕላን መጣ፤ ጋሼም ጀመሩ። «የወንድሜን ልጅ ለሸክላ ሠሪ ዘር? ለዚህ ነው አሜሪካ የመጣነው? ደማችን እንዲበላሽ ነው?» እያሉ ከሞተሩ ጋር እየጮኹ ቀጠሉ። ችግሩ አውሮፕላኑ ቀድሟቸው መጨረሱ ነው። ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በዚያው በጩኸታቸው ልክ፣ «ቡዳ ቤታችን ሊገባ ነው» አሉ።

በሩ ተከፈተ። ባርኔጣቸውን ረስተው የተመለሱት የልጁ አጎት ናቸው። ሁላችንም ዝም አልን። ከሶፋው ክንድ ላይ ባርኔጣቸውን አነሡ፣ ጎንበስ ብለው «ደህና ዋሉ» አሉና ወጡ። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ ከፊታቸው ማንበብ አልተቻለም።

ልጄ ከወጥ ቤት ወጣች። «ማሚ፣ የሱ እናት ሃርት ከሆነች፣ ከተቀየመች፣ ሠርግ የለም። ያለሷ ብሌሲንግ እሱ አያገባም፣ እኔም አላገባም። ኦኬ?» አለችኝና ቁልፏን ይዛ ሄደች። የሠራሁትን ሽሮና ዶሮ የበላው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሥራ ቦታ እንዳለሁ ጋሼ ደወሉ። እኔ የምሠራው ኧርቪንግ በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ነኝ። «ስሚ» አሉኝ፣ «ያ ህንድ ነገረኝ ያልሽኝ ነገር፣ ሳይያዙ የሚወስዱት ዋስ፣ እዚህ የት ነው የሚገኘው?»

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወሬውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። የሆቴሉ የጥገና ኃላፊ ህንዳዊ ነው፤ ምሳ አብረን እንበላለን። አገር ቤት ያለ ታላቅ ወንድሙ ጎረቤቱን፣ ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን የተወለደን ሰው፣ በዘሩ ስም ጠርቶ ሰድቧል ተብሎ ተከሷል። እዚያ አገር ይህ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። በሌላ ጉዳይ የተጠረጠረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ሊይዙኝ ነውና ከመያዜ በፊት ዋስትና ይፈቀድልኝ ማለት ይችላል። በዚህ ወንጀል ግን ሕጉ በሩን ዘግቶታል፤ ዳኛው ክሱን ገና ከላይ ሲያየው ባዶ ሆኖ ካላገኘው በቀር። ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ስድቡ የተነገረው ሌላ ሰው ባለበት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ስለዚህ ወንድምዬው ማንም አልሰማም እያለ ይሟገት ነበር።

«ለመሆኑ ብሎታል?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«አላልኩም ይላል» አለኝ ጓደኛዬ። «እኔ ግን አብሬው ነው ያደግሁት። ቁርስ ላይ ይለዋል፤ እራት ላይ ይለዋል።»

ይህን ለጋሼ ያጫወትኳቸው ለመሳቅ ነበር። እሳቸው ግን ይዘውት አድረዋል።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ሳሎን ውስጥ ተሳድቦ የታሰረ ሰው የለም» አልኳቸው።

«ሄት ክራይም፣ የጥላቻ ወንጀል የሚሉትን አታውቂም ማለት ነው። ያ ባለባርኔጣ ሪፖርት ቢያደርገኝ መጀመሪያ የሚነጥቁኝ የኤርፖርት ባጄን ነው።»

እዚህ ተወልዶ ያደገ የአበሻ ጠበቃ ዘንድ ደወልንላቸው። ልጁ በትሕትና አዳመጣቸውና፣ «ጋሼ፣ ማለቴ፣ ያሉት ነገር ጥሩ አይደለም፣ ግን ክራይም አይደለም። ዋራንት የለም፣ ቻርጅ፣ ማለቴ ክስ የለም፣ ሶ ቤይል፣ ዋስ የሚባል ነገር የለም። ነፃ ነዎት» አላቸው። ጋሼ ስልኩን ዘግተው ተናደዱ። ወንጀል አይደለም መባሉ ክብራቸውን የነካው መሰለኝ። «ይሄ ልጅ ትምህርቱን አልጨረሰም» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳቸውን መኪና መንዳት አቆሙ፤ ትራፊክ ፖሊስ ቢያቆማቸው ስማቸው ኮምፒውተር ውስጥ ይወጣል ብለው ነው። የኤርፖርቱን አውቶቡስ ግን ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፤ በስማቸው አይደለማ። ሹፌራቸው እኔ ሆንኩ።

ዳላስ መሐል ከተማ የካውንቲው እስር ቤት አካባቢ በዋስ ማስፈታት የሚነግዱ ሱቆች አሉ፤ ምልክታቸው በጠራራ ፀሐይም ይበራል። አንዱ ጋ ፓርክ አደረግሁ። ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ረጃጅም ጥፍር ያላት ሴትዮ ተቀምጣለች። ጋሼ ከረባታቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

«የታሰረው ማን ነው?» አለች።

«እሳቸው ናቸው።»

«እነዚህ የቆሙት?»

«አዎ።»

«የት ነው የታሰሩት?»

«አልታሰሩም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «መቼ ነው የሚታሰሩት?»

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። «እሱ በእነሱ ነው የሚወሰነው በያት» አሉኝ።

«ክሱ ምንድነው?»

«ገና አልመጣም። ላይመጣም ይችላል።»

ሴትዮዋ እሳቸውን ትታ እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሕመምተኛ ይዤ የወጣሁ ሳይመስላት አልቀረም። በመጨረሻ አዘነችልን መሰል፣ «ሲታሰሩ ይደውሉ። ቁጥሩን ግን ክንዳቸው ላይ ይጻፉት፤ ሲገቡ ስልካቸውን ይወስዱባቸዋል» ብላ የሱቁ ቁጥር የታተመበት እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። ጋሼ እዚያው ቆመው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጻፉት። ስንወጣ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሻወር ሲወጡ በዚያው እስክሪብቶ ያድሱታል ብላ ባለቤታቸው ነገረችኝ።

ዋሱ በእጃቸው ከገባ የቀረው ምስክር ነው። የህንዱ ወንድም ማንም አልሰማም ብሎ እንደተሟገተው ሁሉ፣ እሳቸውም ያልሰሙ ምስክሮች ማዘጋጀት አለባቸው። መጀመሪያ የሄድነው የእድሩ ሰብሳቢ ቤት ነው።

«ባለፈው እሁድ ያን ነገር አልሰማህም አይደል?» አሏቸው ጋሼ።

«ምን ነበር ያልሰማሁት?» አሉ ሰብሳቢው። ከልባቸው ነው የጠየቁት፤ ያን ሰዓት ስልካቸውን እያዩ ነበር።

ጋሼ አንድ ሰው ያልሰማውን በትክክል ሳያውቅ እንዴት ይመሰክራል ብለው አሰቡና ቃል በቃል ነገሯቸው። ለማስረዳት እንዲመች ድምፃቸውንም ያን ቀን በነበረው ልክ ከፍ አደረጉ። ሰብሳቢው ጥቂት አሰቡና፣ «እሱን አልሰማሁም። አውሮፕላን ነበር» አሉ። ከጓዳ የሰብሳቢው ሚስት ብቅ አለች፤ ያን እሁድ ቤቴ አልነበረችም። «እኔም አልሰማሁም» አለች፣ «ግን አንዴ ይድገሙልኝ።»

በዚህ ዓይነት አዳረስነው። የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ያልሰሙትን ሰምተው ለአማቻቸው ነገሩ፤ አማችየው ለሥራ ባልደረቦቹ አካፈለ። ይባስ ብሎ ጋሼ፣ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ጭራሽ ያልነበረ ሰው ነው፣ እሱ እውነትም አልሰማምና አሉ። በቀጣዩ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ አለመስማቱን ሊያረጋግጥ የሚጠብቀን ሰው ተሰልፎ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም ያልሰማውን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል።

ልጄ በስልክ፣ «ማሚ፣ አንክል ስድቡን ሊተራሊ ቤት ለቤት ዴሊቨር እያደረገ ነው። አንቺ ደግሞ በመኪናሽ ራይድ ትሰጪዋለሽ» አለችኝ። ተው ብላቸው ብቻቸውን ሄደው የባሰ ያደርጉታል ብዬ ነበር፤ አብሬያቸው ስሄድም የባሰ አደረጉት። ልጄን ላጣት ነው የሚለው ፍርሃት ያን ሳምንት እንቅልፌን ወሰደው። አንሶላ ሳጣጥፍ ማልቀስ ጀመርኩ።

የጥገናው ኃላፊ ማድረቂያ ሊጠግን መጥቶ ሲያለቅስ የነበረ ፊቴን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። የወንድሙን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ እንዳልተቀበለው ነገረኝ።

«እናቴ አለቀሰች» አለኝ። «ወንድሜ ደግሞ፣ አንድም ቀን እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። የተሰደበው ሰው የወንድሜን የልጅ ልጅ ሒሳብ ያስጠና ነበር፤ በነፃ።»

«ጻፍክለት?»

«ልጽፍ ተቀምጬ ነበር» አለና ወደ ማድረቂያው ተመለሰ።

የዚያኑ ዕለት የልጁ እናት ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ለመልሱ ሽማግሌ እንደማይልኩ፣ ያን ቀን ቤቴ የነበርን ሁሉ እሳቸው ዘንድ እንድንመጣ ነገሩኝ። ሴት ወገን ወንድ ወገን ቤት ለመልስ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ግን፣ «ጉዳዩ ወደ ድርድር ዞሯል» ብለው ደስ አላቸው።

ቪከሪ ሜዶ አፓርታማቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ የየአገሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አልፈናቸው ገባን። ትንሽ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው፤ ከሥራ ስለመጡ የሥራ ልብሳቸውን አልቀየሩም። ወንድማቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። ልጄና ልጁ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ልጄ እኔን አታየኝም።

ጋሼ ተነሥተው፣ «ምናልባት በእኛ በኩል ያልተባለ ነገር ተብሎ ከሆነ...» ብለው ጀመሩ።

«ያልተባለ ነገር እንዴት ይባላል?» አሉ የልጁ እናት።

ጋሼ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «እኔ አልሰማሁም» አሉ ሰብሳቢው። «አውሮፕላን ነበር።» ወዳጃቸውም አልሰማሁም አሉ። የጋሼ ባለቤት ነጠላዋን እያስተካከለች እሷም አልሰማሁም አለች።

«ምኑን?» አሉ ሴትየዋ።

ያኔ ባለባርኔጣው ተናገሩ። «እኔም አልሰማሁም። በሩን ስከፍት ግን ሁላችሁም ዝም አላችሁ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። እናቴ ድስቷን ተሸክማ ገበያ ስትደርስ የምትመጣ ዝምታ ናት። እጇን ይዤ እሄድ ስለነበር ያቺ ዝምታ አብራኝ አድጋለች።» ባርኔጣቸውን አንዴ አዞሩት። «ለእህቴ የነገርኳት ይሄንን ብቻ ነው።»

ማለት፣ ይህ ሁሉ የዞርነው፣ ያ ሁሉ ያልሰማ ምስክር፣ ለዚያች ዝምታ ነበር። ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

የልጁ እናት ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ? እርስዎም አልሰሙም?»

ጋሼ አዩኝ፤ በዓይናቸው ለመኑኝ። ልጄ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አልሰማሁም ብል ከሌሎቹ ጋር እኩል ነኝ፤ ሰምቻለሁ ብል በእጄ ሠርጉን ማፍረሴ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዱንም ሳላለዝብ ነገርኳቸው። የመጨረሻዋ ቃል ስትወጣ በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። የልጁ እናት ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

«ደግመው ይሉታል?»

«ይሉታል» አልኩ። «ከባሌ ጋር አንድ እናት ናት የወለደቻቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን አውቃቸዋለሁ። ዋስ አልሆናቸውም።»

ጋሼ፣ «አንቺ!» ብለው ቀሩ።

ሴትየዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እኔ ይቅርታ ፍለጋ አይደለም የጠራኋችሁ» አሉ። «ይህ ነገር ለልጄም ለልጅ ልጆቼም አይቀርላቸውም። ሲባል የሚሰማ ሰው እዚያ ቤት መኖሩን ነበር ማወቅ የፈለግሁት።» ከዚያ ተነሥተው ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ «ነይ፣ አግዢኝ» አሉኝ። ወጥ ቤት ስንገባ ልጄ ከኋላዬ መጥታ እንደ ሕፃንነቷ ወገቤን አቀፈችኝ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ሴትየዋ ሳህን እየደረደሩ ጠበቁን።

የእጅ ማስታጠቢያውን ራሳቸው ይዘው ዞሩ። ጋሼ ጋ ሲደርሱ ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ክንዳቸው ላይ ጠዋት የታደሰው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«የማን ስልክ ነው ይሄ?» አሉ ሴትየዋ።

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። «የዋሴ።»

ሴትየዋ ውኃውን አፈሰሱላቸው። ቁጥሩ እንዳይለቅ ጋሼ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ጣታቸውን ብቻ ታጠቡ። ከዚያ ሽሮው መጣ፤ አያትየው በሠራችው፣ በልብስ ተጠቅልሎ ባሕር በተሻገረ ድስት ውስጥ ይንተከተካል። ከፊታቸው ተቀመጠ። ቤቱ እንደገና ዝም አለ። ሁላችንም የጋሼን እጅ እናያለን። ቪከሪ ሜዶ ላይ ደግሞ እንደ ዩለስ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አያልፍም።

ጋሼ ድስቱን አዩት፣ ሴትየዋን አዩአቸው። «እና» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዋስ አገኘሁ ማለት ነው?»

«አላገኙም፣ ጋሼ» አሉ የልጁ እናት፣ እንጀራውን ወደ እሳቸው እያስጠጉ። «ይብሉ።»